ስንቁን ማን ቋጠረው?



ዛሬ ስለ ጠፈር መርከብ ልናገር ነው የመጣሁት። መነሻዬ ግን ሊማሊሞ ነው።

ከደባርቅ ወደ ድብ ባሕር የሚወርድ መንገደኛ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ሲደርስ ሳይወድ በግዱ ቆም ይላል። ከኋላው ገብስ የሚበቅልበት፣ ጋቢ ከትከሻ የማይወርድበት ደጋ አለ። ከፊቱ ገደሉ ቁልቁል ተቆርጦ ይወርዳል፤ ከታች ቆላው በጭጋግ ተሸፍኖ ይጠብቃል። አሁን መኪና የሚሄድበትን ጠመዝማዛ መንገድ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን የወረረው የጣሊያን ጦር ነው ከዓለቱ የጠረበው። እግረኛና የጭነት እንስሳ ግን ከዚያ በፊት ለብዙ ዘመን በዚሁ በኩል ሲወጡና ሲወርዱ ኖረዋል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ከምጽዋ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደር ሲገባ ይህንኑ ዳገት እያለከለከ ወጥቷል።

ነጋዴው፣ ወታደሩ፣ የቆሎ ተማሪው፣ ሰሊጥ ሊያጭድ ወደ ሁመራ የሚወርደው ወጣት፣ ሁሉም በዚህ በር አልፈዋል። ከሁሉም ትከሻ ላይ የማይጠፋ አንድ ነገር ነበር፤ ስንቅ። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ። መንገደኛው በሶውን በጥብጦ ጠጥቶ ይነሳል። በሶው እንዴት በሶ እንደሆነ የሚያውቀው ግን እቤት የቀረው ሰው ነው። ገብሱ ተሸክሽኮ፣ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ ተነፍቶ፣ በስልቻ ተሞልቶ፣ አፉ በጠፍር ታስሮ እስኪሰጥ ድረስ አንዲት ሴት ሌሊት ተነስታለች። እኔም ለትምህርት ከቤት በወጣሁ ቁጥር የእናቴ እጅ የገብስ ዱቄት እንደነካው ነበር የሚሰናበተኝ።

ይዤላችሁ የመጣሁት ጥያቄ ከዚያ እጅ የተነሳ ነው። በዓለም ላይ ስለ ጀግና ጉዞ በተነገረው ታሪክ ሁሉ ስንቁን የቋጠረው ማን ነው? ከታሪኩስ ለምን ወጣ?

አሜሪካዊው የአፈ ታሪክ ተመራማሪ ጆሴፍ ካምቤል እ.ኤ.አ. በ1949 አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ርእሱ በአማርኛ ሲመለስ «ሺህ ፊት ያለው ጀግና» ይሆናል። የግሪኩን፣ የሕንዱን፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን፣ የአፍሪካውንና የእስያውን ተረት ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ፊታቸው ቢለያይም አጥንታቸው አንድ ነው አለ። ያንን አጥንት በሦስት ከፈለው። መጀመሪያ መለየት ነው፤ ጀግናው ከለመደው ዓለም ይጠራል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል፣ በመጨረሻ ደፉን ይሻገራል። ሁለተኛው ፈተና ነው፤ በማያውቀው አገር ወዳጅና ጠላት ያገኛል፣ ሞት አፋፍ ይደርሳል፣ አንድ ጸጋ ይቀበላል። ሦስተኛው መመለስ ነው፤ ያገኘውን ይዞ ለወገኖቹ መድኃኒት ሊሆን ወደ ቤቱ ይገባል። ካምቤል ሦስቱን በ17 እርከን ዘርዝሯቸዋል። ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ክሪስቶፈር ቮግለር የሚባል የሆሊውድ ሰው 17ቱን ወደ 12 አሳጥሮ ለፊልም ጸሐፊዎች መማሪያ አደረገው። ዛሬ የፊልም ጽሑፍ የሚማር ብዙ ተማሪ ይህን ካርታ ያያል።

ካርታውን ከማንም በላይ ያሳወቀው የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የጆርጅ ሉካስ «ስታር ዋርስ» ከካምቤል መጽሐፍ እንደተማረ ሉካስ ራሱ በግልጽ ተናግሯል። ሉክ የሚባል ወጣት በበረሃ ፕላኔት ላይ ከአጎቱና ከአጎቱ ሚስት ጋር ያርሳል። ሽማግሌ መምህር የአባቱን የብርሃን ሰይፍ ያስረክበዋል። ጥሪ ይደርሰዋል። እምቢ ይላል። ሽማግሌ መምህር የአባቱን የብርሃን ሰይፍ ያስረክበዋል። በመጨረሻ ጉዞው ይጀምራል። የበረሃው ፕላኔት የተቀረጸው እዚሁ አፍሪካ ውስጥ፣ ቱኒዚያ ነው። ስሙም ታታዊን ከሚባለው የቱኒዚያ ከተማ የተወሰደ ነው። የሰሜን አፍሪካ ገበሬ የሚኖርበት መሬት ለዓለም ተመልካች የሌላ ፕላኔት መሬት ሆኖ ቀረበ።

ከዚያ ፊልም ብዙ ሰው የብርሃን ሰይፉን ያስታውሳል። እኔ የማስታውሰው ማዕድ ቤቱን ነው። ቤሩ የምትባለው የአጎቱ ሚስት ሰማያዊ ወተት ስትቀዳ ትታያለች። የልጁ ልብ ርቆ መሄዱን ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት፤ ልቀቀው፣ ይሂድ እያለች ባሏን የምትለምነውም እሷ ናት። ትንሽ ቆይቶ ወታደሮች ቤቱን ያቃጥሉታል፤ እሷም ባሏም ይሞታሉ። ሉክ የተቃጠለውን ቤት አይቶ፣ ፊቱን አዙሮ ወደ ኅዋ ይሄዳል። በፊልሙ መጨረሻ በትልቅ አዳራሽ፣ በወታደር ሰልፍ መካከል ሜዳይ ይጠለቅለታል። ያን ሜዳይ ይዞ የሚገባበት ቤት ግን የለም። ወተት የቀዳችለት ሴት ስሟ እንኳን ዳግም አይነሳም። እንግዲህ ካምቤል መመለስ ያለው ሦስተኛው ክፍል በዚህ በዓለም ዙሪያ በታየ ፊልም ላይ በሽልማት ሥነ ሥርዓት ተተክቷል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ብዙ ፊልሞች ይህንኑ ልማድ ወርሰዋል። መውጣቱ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ መመለሱ ሁለት ደቂቃ።

ስንቅ ቋጣሪዋን የመርሳት ጉድለት ከካምቤል ራሱ ይጀምራል። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ሞሪን መርዶክ እ.ኤ.አ. በ1990 የሴት ጀግናን ጉዞ የሚመለከት መጽሐፍ አሳትማለች። ከዚያ በፊት፣ በ1981፣ ካምቤልን አግኝታ ስለ ሴት ጉዞ ጠይቃው ነበር። ሴት መጓዝ አያስፈልጋትም፤ ሰዎች ሊደርሱበት የሚደክሙለት ቦታ እሷው ናት የሚል መልስ እንደሰጣት ጽፋለች። መልሱ አድናቆት ይመስላል። ግን ሴቲቱን ወደ ቦታ ይለውጣታል። ቦታ አይርበውም፣ አይደክመውም፣ ሌሊት ተነስቶ ገብስ አይቆላም።

የእኛ አገር ትልቁ የጉዞ ታሪክ ለዚህ መልስ አለው፤ ከካምቤል በስድስት መቶ ዓመት ይቀድማል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በግእዝ የተጻፈውን ክብረ ነገሥትን ነው የምለው። በዚያ መጽሐፍ መጀመሪያ የምትጓዘው ሴት ናት። ንግሥት ማክዳ ታምሪን ከሚባል ነጋዴ የሰሎሞንን ጥበብ ትሰማለች፤ ይኸው ጥሪዋ ነው። ኢየሩሳሌም ትወርዳለች፣ በጥያቄ ትፈትናለች፣ እሷም ትፈተናለች፣ በመጨረሻ ወደ አገሯ ትመለሳለች። ከዚያ ከሰሎሞን የወለደችው ልጇ ሲያድግ አባቱን ሊያይ ይነሳል። በእጁ የሚይዘው ሰሎሞን ለእናቱ የሰጣትን ቀለበት ነው። ልብ በሉ፤ የልጁ ስንቅ ከእናቱ ጉዞ የተገኘ ነው። እሷ ባትሄድ እሱ የሚታወቅበት ምልክት አይኖረውም ነበር። ልጁም ኢየሩሳሌም ንገሥባት ሲባል እምቢ ብሎ ታቦቱን ይዞ ይመለሳል፤ እናቱም ተቀብላ ዙፋኗን ታወርሰዋለች። ስንቅ ሰጪዋ ራሷ ተጓዥ፣ ተጓዡም ተመላሽ የሆነበት ታሪክ ነው። ያ ታሪክ በቤታችን ሳለ፣ ስለ ጀግና ጉዞ ስንጽፍ የሌላውን ጎዶሎ ካርታ እንዳለ የምንገለብጥበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ ራሳችን የጠፈር ፊልም ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሚጌል ያንሶ የሚባል ስፔናዊ አዘጋጅ፣ በኢትዮጵያ ምድር፣ በአማርኛ፣ በኢትዮጵያውያን ተዋናዮች «ክራምብስ» የተባለ ፊልም ሠራ። በእኛ ቋንቋ «ፍርፋሪ» ማለት ነው። ርዝመቱ 68 ደቂቃ ብቻ ነው። ዋናውን ገጸ ባሕርይ ዳንኤል ታደሰ ይጫወታል፤ አብራው የምትኖረውን ሴት በብዙ የአማርኛ የፍቅር ፊልሞች የምናውቃት ሰላም ተስፋዬ ትጫወታለች። ፊልሙ በሮተርዳም ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ታይቶ በብዙ አገር መነጋገሪያ ሆነ።

ዓለም ካለፈ በኋላ ነው ታሪኩ። ትልቁ ሥልጣኔ ፈርሷል፤ የተረፈው ፍርፋሪው ነው። የፕላስቲክ አሻንጉሊት፣ የስፖርተኛ ምስል፣ የተጣለ ጌጥ እንደ ቅዱስ ንዋይ ይቆጠራል። ዕቃ የሚገምት ነጋዴ አለ፤ እያንዳንዷን ርካሽ አሻንጉሊት እያገላበጠ የጥንት ዘመን ውድ ሀብት እንደነበረች ታሪክ ይሠራላታል። ሴቲቱ ለስፖርተኛው ለማይክል ጆርዳን ምስል ትጸልያለች። ሁለቱ የሚኖሩት በተተወ የቦውሊንግ መጫወቻ አዳራሽ ውስጥ ነው። በሰማይ ላይ ደግሞ ለብዙ ዓመት ሳይንቀሳቀስ የቆመ ግዙፍ የጠፈር መርከብ አለ። አንድ ቀን የቦውሊንጉ መሣሪያ ያለ ሰው እጅ ይንቀሳቀሳል። ከላይ ያለው መርከብ ሊነቃ ነው ማለት ነው። ሰውየው ሥራው ፍርፋሪ መልቀም ነው፤ ራሱን ግን ከሌላ ፕላኔት እንደመጣ ይቆጥራል። ስለዚህ ወደ አገሩ የሚመለስበትን መንገድ ሊያገኝ ይነሳል።

በካምቤል ካርታ ለኩት። ጥሪው አለ፤ የሚያጓራው መሣሪያ ነው። ደፉ አለ፤ የአዳራሹ በር ነው። ምክር የሚጠየቅባት ጠንቋይ አለች። ፈተና የሚሆኑ ክፉዎች አሉ፤ የናዚ ርዝራዥ ሳይቀር ይመጣበታል። ጸጋ ሰጪው ደግሞ የገና አባት ነው። ለለቃሚው የገና አባት ቀልድ አይደለም፤ ከጠፋ ሥልጣኔ የተረፈ፣ ስጦታ የመስጠት ሥልጣን ያለው አባት ነው። ምዕራፉ ሁሉ ተሟልቷል።

ፊልሙን ከስታር ዋርስ ልጆች የሚለየው ግን ሁለት ነገር ነው። አንደኛው መሬቱ ነው። ፊልሙ የሚከፈተው በዳሎል ነው፤ ቢጫና አረንጓዴ ጨው፣ ከመሬት የሚፈላ አሲድ። ሌላ የውጭ አዘጋጅ ዳሎልን ቢያገኝ ሌላ ፕላኔት ነው ብሎ ያቀርበው ነበር። እዚህ ፊልም ላይ ዳሎል ዳሎል ነው፤ ሰዎቹ በአማርኛ የሚነጋገሩበት የገዛ ምድራቸው ነው። እንግዳው መሬቱ አይደለም፤ ራሱን እንግዳ ያደረገው ሰውየው ነው።

ሁለተኛው፣ ለእኔ ትልቁ፣ የአቅጣጫው ጉዳይ ነው። ሰውየው ከቤት ሲወጣ ወደ ቤቴ ልመለስ ነው ይላል። ለእሱ ቤት ማለት በሰማይ የቆመው መርከብና ከመርከቡ ወዲያ ያለው ፕላኔት ነው። እኛ ተመልካቾቹ ግን ሴቲቱ በአዳራሹ ውስጥ ቀርታ እያየናት፣ ቤቱስ ይኸ አይደለም ወይ እያልን ልባችን ይጨነቃል። መውጣቱ መመለስ፣ መመለሱ መውጣት ሆኖ የተገለባበጠ ጉዞ ነው። በእኛ አባባል ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ ይባላል፤ ፊልሙ በሙሉ የዚህ አባባል ማብራሪያ ይመስለኛል። መጨረሻውን ላላያችሁት አልገልጥም። ስታዩት ግን መርከቡን ሳይሆን አዳራሹን ተመልከቱ፤ የቀረችውን ተመልከቱ።

ይህን ፊልም ደባርቅ ላይ ቆሜ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በባዕድ መርከብ ተጭኖ ወደ ሌላ ዓለም የተወሰደ፣ ወደ ቤቴ መልሱኝ እያለ የሞተ ልጅ ታሪክ የሰሜን ታሪክ ነውና።

ደረስጌ ማርያምን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስሜንንና ትግራይን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሊነግሡባት ያሠሯት ቤተ ክርስቲያን ናት። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን የቋራው ካሣ ኃይሉ ከቆላ ወጥቶ ደረስጌ ላይ ውቤን ድል አደረገ፤ በሁለተኛው ቀን በዚያችው ቤተ ክርስቲያን፣ ለውቤ በተዘጋጀው ሥርዓት፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ዐፄ ቴዎድሮስ ተባለ። የጀግና ጉዞ ፈላጊ ጸሐፊ ከዚህ የተሻለ ምን ያገኛል? ጥሪ፣ ሽፍትነት፣ ቆላ፣ ፈተና፣ ዘውድ። ብዙ ቲያትርና ልብ ወለድ እዚህ ጋ አብቅቷል፤ ወይም ዘልሎ መቅደላ ላይ ደርሷል።

በመካከሉ አንዲት ሴት አለች። ድል የተመቱት የውቤ ልጅ ጥሩወርቅ የአባታቸውን አሳሪ አገቡ፤ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ሆኑ። ወንድ ልጅ ወለዱ፤ ዓለማየሁ ተባለ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ። ወራሪው ጦር መጻሕፍቱን፣ ዘውዱን፣ ታቦታቱን ጭኖ ሲመለስ እናትና ልጅንም ይዞ ተነሳ። እቴጌ ጥሩወርቅ ከአንድ ወር በኋላ በመንገድ ላይ አረፉ። የሰባት ዓመቱ ልጅ ያለ እናት፣ ያለ አባት፣ ያለ ቋንቋ ወደ መርከብ ገባ። እንግሊዝ አገር ንግሥት ቪክቶሪያ አዩት፣ አዘኑለት፣ ትምህርት ቤት ገባ። ልጁ ግን አገሬ መልሱኝ ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1879፣ በ18 ዓመቱ፣ ሊድስ ከተማ ላይ ሞቶ በዊንዘር ተቀበረ። አጽሙ ይመለስ ተብሎ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 አልተቀበለውም። በዚያው ዓመት ግን ከራሱ የተቆረጠ ጥቂት ጸጉር ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ ተሰጠ። አሳዳጊው የነበረው የእንግሊዝ መኮንን ቤተሰብ ከትውልድ ወደ ትውልድ ያቆየው ጸጉር ነው።

አንድ መቶ አርባ አራት ዓመት፤ የተመለሰው ጥቂት ጸጉር ነው። ከውቤ ልጅ የተወለደ፣ ከዚህ ተራራ ሥር የሚመዘዝ ልጅ ጉዞ ሁለት ክፍል ብቻ ነበረው፤ መለየትና ፈተና። ሦስተኛው ተነፈገው። ስንቅ የሚቋጥሩለት እጆች በመንገድ ላይ ቀሩ፤ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው አልተገኘም። ለዚህ ነው መመለስን የሽልማት ሥነ ሥርዓት አድርጎ የሚያልፍ ፊልም የማይበቃኝ። መመለስ ለእኛ ገና ያላለቀ ጉዳይ ነው።

ከዚያው ከውቤ ቤት ግን ሌላ ሴት ወጥተዋል። የውቤ ወንድም የብጡል ልጅ፣ የጥሩወርቅ የአጎት ልጅ፣ እቴጌ ጣይቱ ብጡል። በ1888 ዓ.ም. የመቀሌው ከበባ ጊዜ የጣሊያን ጦር እንዳ ኢየሱስ ላይ መሽጎ፣ ምሽጉ በጥይት አልደፈር ብሎ ነበር። ውኃው ከምሽጉ ውጪ ነው፤ ምንጩ ይያዝ ያሉት እቴጌይቱ እንደነበሩ ታሪክ ይመሰክራል። ምንጩ ተያዘ፤ የጠማው ጦር ለቅቆ ወጣ። ዓድዋ ላይ ደግሞ ሴቶች በእንስራ ውኃ እየተሸከሙ ለተዋጊው እንዲያደርሱ ያደረጉት እኒሁ ናቸው። ከአንድ ማጀት የወጣ እውቀት ነው፤ ሰው ስንት ቀን ያለ ውኃ እንደሚቆም፣ ስንቅ ስንት እንደሚበቃ የሚያውቅ እውቀት። በጣይቱ እጅ ያ እውቀት የጦርነቱ ታሪክ መሪ ሐሳብ ሆነ። እንግዲህ ስንቅን ከታሪኩ ጓዳ አውጥቶ መሐል ማስቀመጥ ይቻላል፤ ታሪክም ሠርቶት አልፏል።

ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ዘርፍ ነው። ጠፈር ውስጥ ስንቅ ሁሉም ነገር ነው፤ ትንፋሽ ሳይቀር ተቋጥሮ ነው የሚሄደው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውን የሪድሊ ስኮትን «ዘ ማርሺያን» ያየ ያስታውሳል። ማርስ ላይ ብቻውን የቀረውን ሰው ያዳነው ድንች ነው። ለበዓል ማዕድ ተብሎ ከምድር የታሸገለትን ድንች ማርስ አፈር ላይ ተክሎ በላ። ድንች፣ ወገኖቼ! እኛ ስሜን ውስጥ በየጓሯችን የምናበቅለው ድንች። ያንን ድንች ያሸገው እጅ ፊልሙ ላይ አይታይም፤ ሰውየው የዳነው ግን በዚያ እጅ ነው። ምድር ላይ ያሉት ሰዎች ሌት ተቀን አስልተው ሊመልሱት ሲደክሙ ፊልሙ ረጅም ጊዜ ሰጥቶ ያሳየናል። ከብዙዎቹ ልቆ ልብ የሚነካውም በዚሁ ይመስለኛል፤ መመለስ የብዙ ሰው ሥራ መሆኑን አልደበቀም።

እዚህ ያላችሁ ወጣት ጸሐፍት፣ አንድ ቀን የጠፈር ፊልም ብትጽፉ ምን ላይ ትመሠርታላችሁ? ከበላያችሁ ያለውን ፓርክ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ የስሜን ተራሮች ከእነዚያ አንዱ ነበር። በ1996 ዋልያው እየተመናመነ በመምጣቱ አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገባ፤ በ2017 ወጣ። በሁለቱ ዓመታት መካከል የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከተራራው ወርደው እዚህ ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ዋልያው መሬት አገኘ፤ ሰዎቹ ቤት ለቀቁ። ከፕላኔታቸው ወርደው ከታች ሆነው ያንኑ ፕላኔት በየቀኑ የሚያዩ ሰዎች ታሪክ ከዚህ አዳራሽ በእግር የሚደረስበት ነው። ማንንም ክፉ ማንንም ቅዱስ ሳታደርጉ፣ ሄዳችሁ ጠይቃችሁ፣ ሰምታችሁ ብትጽፉት፣ ዓለም ከሚያውቃቸው የጠፉ ፕላኔቶች ታሪክ ሁሉ የሚበልጥ እውነት ይኖረዋል።

ስትጽፉ የካምቤልን ካርታ አትጣሉት፤ ጥሩ ካርታ ነው፤ ብዙ የሰው ልጅ መንገድ ተመዝግቦበታል። ግን ሁለት ጥያቄ ጨምሩበት። ጀግናችሁ ደፉን ከመሻገሩ በፊት፣ ስንቁን የቋጠረው ማን ነው ብላችሁ ጠይቁ፤ ስም ስጡት፤ እጁን አሳዩ፤ የራሱን ሕይወትም ስጡት፤ እንደ ማክዳ እሱም ተጓዥ ይሁን። ጀግናችሁ ሲመለስ ደግሞ፣ በሩን ማን ይከፍትለታል ብላችሁ ጠይቁ። በር የሚከፍት ከሌለ፣ የሌለበትን ምክንያት ታሪኩ ይመልስ። እንደ ሉክ ቤት ተቃጥሎ ከሆነ ይለቀስበት። እንደ ዓለማየሁ መንገዱ ተዘግቶ ከሆነ ይጠየቅበት።

ይህ የፊልም ጽሑፍ ምክር ብቻ አይደለም። ነገ ጠዋት ደባርቅ መናኸሪያ ስትሄዱ የእውነት ጥሪ የሰሙ ልጆች ታያላችሁ። አንዱ ለዩኒቨርሲቲ፣ አንዱ ለቀን ሥራ፣ አንዱ ባሕር ተሻግሮ ለመቅረት። ጥሪውን መስማታቸው ክፉ አይደለም፤ ሰው ሳይወጣ አያድግም። የምንነግራቸው ታሪክ ግን መንገዳቸውን ይወስነዋል። የጀግና ታሪክ ማለት ሰይፍ ይዞ መውጣትና ሜዳይ ማጥለቅ ነው ብለን ካሳደግናቸው፣ ቤታቸውን እንደ ፍርፋሪው ለቃሚ ባዕድ አገር አድርገው ያዩታል፤ ሰማይ ላይ የቆመውን መርከብ ብቻ እያዩ ይኖራሉ። ጉዞ ሦስት ክፍል እንዳለው፣ ሦስተኛው ክፍል እንደሚጠበቅባቸውና እንደሚገባቸው ከነገርናቸው ግን፣ ሩቅ ሆነውም ወደ ቤት የሚያደርስ መንገድ አላቸው። የሄደ ልጅ ገንዘብ ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ እውቀት ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ ምንም ሳይዝ ቆስሎ ሊመጣም ይችላል። በሦስቱም ጊዜ እንኳን በደህና ገባህ፣ እንኳን በደህና ገባሽ የሚል ሰው በር ላይ መኖር አለበት። ባዶ እጁን የመጣውን በእፍረት ከበር የምንመልስ ከሆነ፣ የጉዞውን ሦስተኛ ክፍል የዘጋነው እኛው ነን።

በሊማሊሞ አፋፍ ላይ አሁንም የቆመ መንገደኛ አለ። ከፊቱ ድብ ባሕር፣ ከድብ ባሕር ወዲያ ዓለም። የታሪክ ጸሐፊ ካሜራውን ብዙ ጊዜ ከኋላው አቁሞ ወደ ፊቱ ያሳየናል፤ ሰፊውን ቆላ፣ ሰማዩን፣ የሚጠብቀውን ጀብዱ። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ካሜራውን አዙሩልኝ። ከኋላው፣ መንገዱ ከሚጀምርበት ደጃፍ፣ ገብስ ዱቄት የነካው እጅ ግንባር ላይ ተደርጎ ከፀሐይ እየተከለለ፣ እስኪጠፋ ድረስ የሚያየው ሰው አለ። ታሪኩ ከዚያ ይጀምር። ተመልሶ ሲመጣም መጀመሪያ የሚያየው ያ ሰው ይሁን።